አራት መቶ አስር ግራም

ሃያ ስምንት የሚለው ቁጥር የተወለደው ምሳ ላይ ነው።

የፋብሪካው ዋና ሥራ አስኪያጅ የግዢ ኮሚሽኑን ሰብሳቢ ኮሎኔሉን ምሳ ጋብዞ፣ ሁለቱም በልተው ጠግበው፣ ኮሎኔሉ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ፣ «ለመሆኑ ይሄ አዲሱ ከባድ መትረየሳችሁ ስንት ኪሎ ይመዝናል?» ብሎ ጠየቀ። ሥራ አስኪያጁ መትረየሱን እስከዚያች ቀን ድረስ በወረቀት እንጂ በዓይኑ አላየውም። ቢያየውም አያነሳውም ነበር፤ ወገቡን ያመዋል። ግን «አላውቅም» ማለት ለሥራ አስኪያጅ ነውር ነውና «ሃያ ስምንት!» አለ። ለምን ሃያ ስምንት እንዳለ ዛሬም ድረስ የሚያውቅ የለም። አንዳንዶች የበሉበት ጠረጴዛ ቁጥር ነው ይላሉ። ኮሎኔሉ ቁጥሩን በሶፍት ላይ ጻፈና ሶፍቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። በሳምንቱ ሶፍቱ የውል አንቀጽ ሆኖ፣ ማኅተም ተመትቶበት ተመለሰ፦ «የመትረየሱ ክብደት፣ በሙሉ ዕቃው ሲመዘን፣ ከሃያ ስምንት ኪሎ አይበልጥም።» የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ወለምታው የሥራ አስኪያጅ ሲሆን ግን አንድ ፋብሪካ ሙሉ ሠራተኛ ተሰልፎ ያሸዋል።

ችግሩ መትረየሱ ውሉን አለማንበቡ ነበር። የመጀመሪያው ናሙና ተገጣጥሞ ሲያልቅ አራት ሰው እያቃሰተ ወደ ሚዛን ክፍል አስገባው። ሠላሳ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ አርባ ግራም።

ሚዛን ክፍሏ ከመገጣጠሚያው አዳራሽ ጥግ ላይ ተቆርጣ የወጣች፣ አንድ መስኮትና ሁለት ሚዛን ያላት ክፍል ናት። ትልቁ ሚዛን ወለሉ ውስጥ ተቀብሯል። ትንሹ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ይኖራል፤ በር ሲከፈት እንኳ በነፋሱ ይደነግጣል። የክፍሉ ኃላፊም፣ ምክትል ኃላፊም፣ ሠራተኛም አንድ ሰው ነው፤ የመታወቂያ ስሙን ከሰው ኃይል አስተዳደር በቀር የሚያስታውሰው የለም፤ ሁሉም «አባ ግራም» ይለዋል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት የሚዛኑን ሰሌዳ በለስላሳ ጨርቅ ሲወለውል፣ ሲመዝን ትንፋሹን ሲይዝ፣ ቁጥሩን ሲጽፍና ሲፈርም ኖሯል። የሱ ፊርማ ያለበት ወረቀት አንድም ቀን ስህተት ተብሎ አልተመለሰም። ሱቅ ሄዶ ስኳር ሲገዛ ከረጢቱን በመዳፉ አንስቶ «አሥራ አምስት ግራም ይጎድለዋል» ይላል፤ ባለሱቁም እየተራገመ ይጨምርለታል። ሚስቱ «ከሱ ጋር ገበያ ከመውጣት እቤቴ ጦሜን ብውል ይሻለኛል» ትላለች።

መትረየሱ በኮሚቴ የወጣለት የክብር ስም ነበረው። ሠራተኛው ግን «ሙሽሪት» ብሎ ሰየመው፤ ቀን በቀን ይለካል፣ ይወለወላል፣ ይለብሳል፣ ይወልቃል፣ ሁሉም ዙሪያውን ይንጫጫል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ደግሞ ሙሽሪትን ማክሳት ተጀመረ። ነዳፊው፣ እንቅልፍ ካየ ወራት ያለፈው መንማና ሰው፣ ክዳኑን በሳ፣ እግሩን ፋቀ፣ የአፈሙዙን ጫፍ አሳጠረ። በየሁለት ቀኑ ብረቱ ወደ ሚዛን ክፍል ይመጣል፤ አባ ግራም ትንፋሹን ይይዛል፤ ነዳፊውም አብሮት ይይዛል። ሠላሳ ከዘጠኝ መቶ። ሠላሳ ከመቶ። ሃያ ዘጠኝ ከግማሽ። ቀለሙ ተፍቆ ስስ ቀለም ተቀባ፤ አርባ ግራም ተገኘ፤ ነዳፊው ልጅ እንደተወለደለት ሰው ፈነደቀ። በመጨረሻ ሃያ ስምንት ኪሎ ከሦስት መቶ ዘጠና አምስት ግራም ላይ ደርሶ ሙሽሪት እምቢ አለች። ከዚህ በኋላ የሚነሳ ነገር ቢኖር ጥይቱ ተመልሶ ተኳሹ ላይ ይወጣል አለ ነዳፊው።

አባ ግራም በዚህ ሁሉ አልሳቀም። በቤቱ መሳቢያ ውስጥ የልጁ ደብዳቤ ነበር።

ሚጣ ይሏታል። ሚጣ ብለው የጠሯት ስትወለድ ነው፤ አሁን ከአባቷ በአንድ ስንዝር ትበልጣለች፣ ሁለት ዓመት በውትድርና ቆይታለች፣ ስሟ ግን አልቀየረም። ድንበር ላይ ባለ የከባድ መሣሪያ ምድብ ረዳት ተኳሽ ናት። ረዳት ተኳሽ ማለት ጥይት የሚያጎርስ፣ ብረቱን ከተኳሹ ጋር የሚሸከም፣ አፈሙዙ ሲግል ደግሞ ነቅሎ ቀዝቃዛውን የሚተካ ማለት ነው። ጥይት የሚወጣበት ያ ረጅም ቱቦ ከመቶ ሃምሳ ጥይት በኋላ እንደ ምድጃ ይግላል፤ ካልተቀየረ ይጣመማል። ሚጣ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፏ፣ በትምህርት ቤት ሦስት ጊዜ በተሸለመችበት፣ እንዲህ ብላ ጽፋ ነበር፦ «አባዬ፣ ይሄ አሮጌው መትረየስ ሠላሳ ስምንት ኪሎ ነው። ትከሻዬ ላይ ጉድጓድ ሠርቷል፤ ውሃ ቢጠራቀምበት ወፍ ትጠጣበታለች። እናንተ ጋ ቀለል ያለ እየተሠራ ነው ይባላል። እባክህ ቶሎ በሉ።»

ስለዚህ አባ ግራም እያንዳንዱ ግራም ሲቀነስ ከልጁ ትከሻ ላይ እንደወረደ ይቆጥረው ነበር።

ሃያ ስምንት ከሦስት መቶ ዘጠና አምስት ላይ የቆሙ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ራሱ ወደ ሚዛን ክፍል መጣ። ሙሽሪትን ለመጀመሪያ ጊዜ አየ። እጁን ኋላው አጣምሮ ሁለት ጊዜ ዞራት፤ ከዚያ አፈሙዙ ላይ በተቀመጠችው፣ በእንጨት በተለበጠች አጭር እጀታ ላይ ዓይኑ አረፈ።

«ይቺ ስንት ትመዝናለች?»

«አራት መቶ አስር ግራም» አለ አባ ግራም፤ ሳይመዝን።

ሥራ አስኪያጁ በከንፈሩ ቆጠረ። ፊቱ በራ። «ትውጣ!»

ነዳፊው አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ዝም አይነቅዝም። አባ ግራም ግን «እጀታዋ ከወጣች የጋለው አፈሙዝ በምን ይነቀላል?» ብሎ ጠየቀ።

«በ... በጓንት» አለ ነዳፊው፣ ወለል ወለሉን እያየ። «እሳት የማይበላው ጓንት አለ።»

«ጓንቱስ ስንት ይመዝናል?»

«ጓንት ልብስ ነው!» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ልብስ ደግሞ የአልባሳት መምሪያ ጉዳይ ነው። ወታደሩ ሱሪውም ይመዝናል፤ ሱሪውን መትረየሱ ላይ ልትደምርብኝ ነው? አባ ግራም፣ አንተ መዛኝ ነህ እንጂ ነዳፊ አይደለህም። ያየኸውን መዝን።»

እጀታዋ በሁለት ብሎን ተፈትታ ወጣች። ሃያ ሰባት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ሰማንያ አምስት ግራም። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። «ሃያ ስምንት ያልኩት በስሜት ነው» ለማለት የደፈረ አፍ ስላልነበረ እጀታዋ ተባረረች፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል።

አባ ግራም ወረቀቱ ላይ ብዕሩን አንሥቶ ቆየ። በሚዛን ወረቀቱ ላይ «በሙሉ ዕቃው» የሚል የታተመ ቃል አለ። ከሥሩ «አስተያየት» የሚል ባዶ መስመር አለ፤ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ጽፎበት አያውቅም። «እጀታ የለውም» ቢል ሦስት ቃል እንኳ አይሞላም። ግን ከዚያ ወረቀቱ ይመለሳል፣ ሙሽሪትም ትመለሳለች፣ ሚጣም ሌላ ክረምት ሠላሳ ስምንት ኪሎ ትሸከማለች። ደግሞስ ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ሚዛኑ ያለው ያንን ነው። ጓንቱም ይመጣል ተብሏል። እንዲህ እንዲህ እያለ ራሱን ሲያግባባ ቆይቶ ፈረመ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

እጀታዋን ግን ወደ ቁርጥራጭ ብረት ክምር አልጣላትም። በጨርቅ ጠቅልሎ ትንሹ ሚዛን ሥር አስቀመጣት። ናሙናው ጓንት ከሳምንት በኋላ ሲመጣም በድብቅ መዘነው፤ ጥንዱ አራት መቶ ሠላሳ ግራም። ከእጀታዋ በሃያ ግራም ይበልጣል። ይህንን ለማንም አልተናገረም፤ የጠየቀውም የለም።

የርክክቡ ተኩስ ዕለት ኮሎኔሉ ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ሙሽሪት መቶ ሃምሳ ጥይት ተፋች። ሜዳው ማዶ የቆሙት ጣውላዎች ዱቄት ሆኑ፤ ኮሎኔሉ አጨበጨበ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ «ሻይ!» አለ። ሻይ ቀረበ፣ ብስኩት ቀረበ፣ ስለ አየሩ ተወራ። ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ አንድ ቴክኒሻን አዲስ ጓንቱን በክብር አጥልቆ የቀዘቀዘውን አፈሙዝ ነቀለና ሌላ ተካ። ኮሎኔሉ በሰዓቱ ይዞት ነበር። «ዘጠኝ ሴኮንድ!» አለ፤ «ተአምር ነው።» ሻዩን ማንም በሰዓት አልያዘውም።

አርባ መትረየስ ተሠርቶ በሣጥን በሣጥን ወደ ድንበር ሄደ። በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ ከዘይቱና ከመመሪያው መጽሐፍ በላይ የሚዛን ወረቀት ነበር፤ ከወረቀቱም ግርጌ የአባ ግራም ፊርማ።

ብዙም ሳይቆይ የሚጣ ደብዳቤ መጣ። ሚስቱ ምግብ ማብሰያው አጠገብ ቆማ፣ እሱ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ጮክ ብሎ አነበበው፦

«አባዬ፣ አዲሷ መጣች። ሣጥኑን ስንከፍት ከሁሉ በላይ ምን አገኘሁ መሰለህ? ያንተን ፊርማ! ለምድቡ ሁሉ አሳየኋቸው። ሃምሳ አለቃችን 'ይሄ ቁጥር እውነት ነው?' ሲል 'አባቴ የፈረመበት ነገር አይዋሽም' አልኩት። እውነትም ቀላል ናት። ትከሻዬ እግዜር ይስጥልኝ ይልሃል። ጓንቱ ብቻ ገና አልደረሰም፤ መንገድ ላይ ነው ተብለናል። እስከዚያው እርጥብ ጆንያ ይዘናል፤ አታስቡ። እማዬ፣ ሻርፑ በጣም ይሞቃል።»

«ጆንያ?» አለች ሚስቱ።

«ጓንቱ መንገድ ላይ ነው አለች እኮ» አለ አባ ግራም።

በነጋታው አልባሳት መምሪያ ደወለ። አንድ ጨዋ ድምፅ «ጓንቱ ልብስ ሳይሆን የመሣሪያ መለዋወጫ ነው፤ መለዋወጫ ክፍል ይጠይቁ» አለው። መለዋወጫ ክፍል ደወለ። እዚያ ያለው ድምፅ እንዲያውም ይበልጥ ጨዋ ነበር፤ «በእጅ የሚጠለቅ ነገር ሁሉ ልብስ ነው» ብሎ አስረዳው። ሦስት ሳምንት ሲደውል ከረመ። በየሳምንቱ ሁለቱ መምሪያዎች ደብዳቤ ይጻጻፋሉ፤ እሱም ግልባጭ ይደርሰዋል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ቀጥሎ የመጣው ደብዳቤ አጭር ነበር። «ደህና ነኝ። ሥራ ስለበዛብኝ ነው ያልጻፍኩት። አታስቡ። ሚጣ።» ፊደሎቹ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች፣ ሁሉም ወደ ግራ የተጋደሙ።

«ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጽፋው ነው፣ የኔ ልጅ» አለች ሚስቱ። ደብዳቤውን ስማ ከአበባ ማስቀመጫው ሥር አስቀመጠችው።

አባ ግራም እሷ ወደ ጎረቤት ስትወጣ ደብዳቤውን አምጥቶ በአጉሊ መነጽር አየው። የ«ደ» ሆድ ተሰንጥቋል፤ የ«ሚ» እግር ወደ ኋላ ታጥፏል። ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣ። እስክሪብቶውን በግራ እጁ ያዘና «ደህና ነኝ። ሚጣ» ብሎ ጻፈ። ደግሞ ጻፈ። አምስተኛው ላይ የ«ደ» ሆድ ተሰነጠቀ፣ የ«ሚ» እግርም ታጠፈ። ቀና ሲል ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። አንዴ እጁን፣ አንዴ ወረቀቱን አየች። የያዘችው ሰሃን ከእጇ ወደቀ።

«ቀኝ እጇ ምን ሆነ?» አለች። «አንተ ሰውዬ፣ ልጄ ቀኝ እጇ ምን ሆነ?»

«አላውቅም» አለ። ያውቅ ነበር። በሕይወቱ የተናገረው የመጀመሪያ ውሸት ይህ ቢሆን እንዴት በወደደ! ግን አልነበረም፤ የመጀመሪያውን አርባ ቦታ ፈርሞበታል።

ከወር በኋላ ኮሚሽኑ አንድ አሳሳቢ ወሬ ደረሰው። ጓንቱ አለመድረሱ አላሳሰበውም። ያሳሰበው «በመትረየሶቹ ላይ ከደንብ ውጭ የሆኑ ባዕድ ነገሮች ተለጥፈዋል» የሚለው ነበር። ለምርመራ ሰባት መትረየስ ተጭኖ መጣ። ሚዛን ክፍል በር ላይ ሲወርዱ አዳራሹ ሥራ አቁሞ ወጣ። ሙሽሪትን በአንድ ቀለም ሸኝተዋት በሰባት ዓይነት ጌጥ ተመለሰች። አንዱ አፈሙዝ ላይ የአልጋ እግር ተበይዷል። አንዱ ላይ የብስክሌት መሪ ታስሯል። አንዱ ላይ የድስት ጆሮ አለ፤ የድስቱ ክዳን ግን አልመጣም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል አለ አንድ ብየዳ ሠራተኛ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

አባ ግራም ሰባተኛውን ሲያይ ሳቁ ቆመበት። አፈሙዙ ላይ የተሰበረ የአካፋ እንጨት በስልክ ሽቦ ተጠምጥሞ ታስሯል። እንጨቱ ላይ ሰማያዊ የሹራብ ሻርፕ ተጠቅልሏል፤ ዳሩ ቢጫ፣ ጫፉ ላይ ሚስቱ ቆጥራ የተሳሳተችበት፣ «ልፍታው ወይስ ልተወው» ብላ ያማከረችው ቋጠሮ ያለበት። ግማሹ ተቃጥሎ ጠቁሯል።

መትረየሶቹን ያመጣቸው ሃምሳ አለቃ ግድግዳ ተደግፎ ሲጋራ ያጨሳል። አባ ግራም ጠጋ ብሎ «ይሄኛው የማን ነው?» አለው።

«የኛ ነው፣ አባባ።» ሃምሳ አለቃው ሲጋራውን ረግጦ አጠፋ። «ተረተሩ ላይ ወጡብን፤ ሙሉ ጠዋት ተኮስን። ጆንያው ደርቆ ተቃጠለ፣ ውሃ አለቀ፣ አፈሙዙ ቀይ ሆነ። ካልተቀየረ ብረቷ መሞቷ ነው፤ እነሱ ደግሞ ድንጋይ መወርወሪያ ያህል ቀርተዋል። ረዳት ተኳሿ በባዶ እጇ ነቀለችው። ሁለት ጊዜ ነው ያደረገችው። ሁለተኛውን እንኳ ማየት አልቻልኩም። ዘጠኝ ነበርን፤ ዘጠኛችንም አለን።» በአገጩ ወደ አካፋው እንጨት አመለከተ። «ሐኪም ቤት ከመሄዷ በፊት ይቺን እጀታ በግራ እጇ እየጠመጠመች ሠራችላት። 'ለሚቀጥለው ሰው' አለች። አባባ፣ ምነው? ይቀመጡ እስኪ።»

አባ ግራም አልተቀመጠም። ምን እንደተሰማው በግራም የሚነገር አልነበረም፤ ሻርፑን ለመንካት ያነሳው እጅ ሳይነካው ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ ኮሎኔሉና ሥራ አስኪያጁ ከሦስት የኮሚሽን አባላት ጋር ሚዛን ክፍል ገቡ። ክፍሏ ስለጠበበች አንደኛው አባል በሩ ላይ ቆመ።

«ባዕድ ነገሮቹ ይውለቁና ይመዘን» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ሃያ ስምንትን እንዳላለፈ አባ ግራም ይፈርማል፤ በቃ፤ ወደ ስብሰባችን እንሄዳለን።»

«ወታደር ዲሲፕሊን ሲያጣ እንዲህ ነው» አለ ኮሎኔሉ ሻርፑን በብዕሩ ጫፍ እያነሳ። «መመሪያው ገጽ አሥራ አራት ላይ 'ጓንት ይጠቀሙ' ይላል። ጥቁር በነጭ!»

አባ ግራም መፍቻውን አላነሳም። ሰባተኛውን መትረየስ እንዳለ፣ ከነአካፋው፣ ከነሽቦው፣ ከነሻርፑ ሚዛኑ ላይ አስወጣው። ትንፋሹን አልያዘም፤ በዚያን ቀን መያዝ የሚችለው ትንፋሽ አልነበረውም።

«ሃያ ዘጠኝ ኪሎ ከመቶ አምስት ግራም» አለ።

«አውልቀህ መዝን ተብለሃል እኮ!»

«ወረቀቱ 'በሙሉ ዕቃው' ይላል፣ ጌታዬ። ዕቃው ይሄ ነው።»

ቁጥሩን ጻፈ። ከዚያ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ብዕሩ ወደ አስተያየት መስመር ወረደ። ቀስ ብሎ፣ ፊደሉን አሳምሮ ጻፈ፤ ሥራ አስኪያጁ በትከሻው ላይ አጎንብሶ ያነባል፤ ባነበበ ቁጥር ፊቱ ይገረጣል፦ «ከእጀታ ጋር ተመዘነ። መጀመሪያ ሃያ ሰባት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ሰማንያ አምስት ተብሎ የተፈረመው እጀታው ወጥቶ ነው። ያለ እጀታ የአፈሙዝ ቅየራ እጅ ያቃጥላል። መዛኙ ሲፈርም ይህን ያውቅ ነበር።»

«ቅደደው!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ቁጥር አለው» አለ አባ ግራም። «ቁጥር ያለው ወረቀት አይቀደድም። ደንቡን ያወጡት እርስዎ ነዎት።» ከትንሹ ሚዛን ሥር የተጠቀለለችውን እጀታ አውጥቶ ወረቀቱ ላይ እንደ ድንጋይ ጫናት። «ረዳት ተኳሿ ልጄ ናት።»

በሩ ላይ የቆመው የኮሚሽን አባል ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበው። ኮሎኔሉ ጥቁር መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፤ ምንም አልነበረበትም።

የፍርድ ቀን የሚመስለው ነገር እንዴት እንዳለቀ ለማወቅ የሚፈልግ ካለ፣ እንደዚህ አለቀ። ኮሎኔሉ የውሉን ወረቀት አስመጥቶ «ሃያ ስምንት» የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዞ ከላዩ «ሠላሳ» ብሎ ጻፈበት። የፈጀበት ጊዜ ከዘጠኝ ሴኮንድ ያነሰ ነው። ያ ነዳፊውን እንቅልፍ የነሳ፣ ቀለም ያስፋቀ፣ ቆዳ ያስላጠ ቁጥር በብዕር የሚሰረዝ ኖሯል! እጀታዋ «ማሻሻያ አንድ» ተብላ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ሥራ አስኪያጁ ስለ ማሻሻያው የምስጋና የምስክር ወረቀት በመስታወት ክፈፍ ተሰጠው፤ በንግግሩም «የወታደሩን ድምፅ ማዳመጥ ባህላችን ነው» አለ። አባ ግራም እጁ አመድ አፋሽ ሆኖ ከሚዛን ክፍል ተነሥቶ የጓሮው በር ላይ የቁርጥራጭ ብረት መኪና መዛኝ ሆነ። እዚያ ያለው ሚዛን ከሃያ ኪሎ በታች አይቆጥርም። ለሱ እንዲህ ያለ ቅጣት ማሰብ የሚችል ሰው ቢኖር ሥራ አስኪያጁ ብቻ ነበር፣ እሱም አሰበው።

ሚጣ በበጋው መጀመሪያ መጣች። በሩን ስታንኳኳ በግራዋ ነው ያንኳኳችው፤ እናቷ ከማንኳኳቱ አወቀች። ተቃቅፈው ሲላቀሱ አባ ግራም ቦርሳዋን ይዞ ኮሪደሩ ላይ ቆመ። ቀኝ እጇ ፋሻው ወልቆለታል፤ መዳፏ የሚያብረቀርቅ ሐምራዊ ሆኗል፣ ሦስት ጣቶቿ ተጣብቀው አይዘረጉም።

«ስጦታ አምጥቻለሁ» አለች ሚጣ፣ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች። ከቦርሳው አንድ ጥንድ ጓንት አወጣች፤ ወፍራም፣ ግራጫ፣ ማኅተሙ ያልተቀደደ። «ጓንቱ መጣ! እጀታው በገባ በሁለተኛው ሳምንት ደረሰ። አሁን ማንም አይፈልገውም። እማዬ፣ ድስት ለማውረድ ይሆንሻል።»

እናቷ ጓንቱን ተቀብላ ደረቷ ላይ ያዘችው፤ መሳቅም ማልቀስም አቃታት።

ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጡ። «ሚጣዬ፣ ያ ወረቀት... ስፈርም አውቅ ነበር» አለ አባ ግራም።

«ሰምቻለሁ» አለች። «ሃምሳ አለቃው ነገረኝ፤ የጻፍከውንም ጭምር።» ቆዳው የተላጠውን መዳፏን ጭኗ ላይ አስተኝታ ትንሽ አየችው። «አባዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ያቺ ያወጣችኋት እጀታ ስንት ነበረች?»

«አራት መቶ አስር ግራም።»

«ስንት ማለት ነው እሱ? በእጅ ሲያዝ?»

ተነሥቶ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄደ። የስኳሩን ከረጢት አወጣ፤ ከውስጡ በማንኪያ እየቀነሰ፣ በመዳፉ እያነሳ እያወረደ፣ ሁለት ጊዜ ጨምሮ አንድ ጊዜ ቀንሶ፣ እጁ ትክክል ነው ሲለው አፉን አሰረና ግራ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። ሚጣ ከረጢቱን አነሳች፣ አወረደች፣ ደግማ አነሳች።

«ይቺ ናት?» አለች።

ራሱን ነቀነቀ።

«እኔ ደግሞ ከባድ ነገር መስሎኝ ነበር» አለች፤ ስኳሩንም ለእናቷ ለሻዩ አቀበለቻት።